«ክንድሽን አሳርፊ» የተባለችው ሴት ውኃ ማን ይቅዳላት?

አክስቴ አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተነሳ ስምንት ወር አልፎታል። ቁስሉ ጠግጓል፣ ኬሞዋን ጨርሳለች፣ ሰው ሲጠይቃት «ተመስገን፣ ድኛለሁ» ትላለች። ከሰቆጣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከሚርቀው መንደሯ ሄጄ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ነጠላዋን በቀኝ እጇ ወደ ትከሻዋ መጣል አትችልም። ፀጉሯን የምትሠራላት የጎረቤት ልጅ ናት። ከቆጥ ላይ ዕቃ ለማውረድ ሰው ትጠራለች፤ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም። ማታ ማታ ደግሞ እጇ ያብጣል። አምባሯን ካወለቀች ቆይታለች፣ አይገባላትማ።

«ከሆስፒታል ስትወጪ ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ክንድሽን አሳርፊ፣ ዕቃ እንዳታነሺ አሉኝ። እኔም አሳረፍኩት» አለችኝ። እንደ ታዛዥ ተማሪ ነው የነገረችኝ። ስምንት ወር ሙሉ በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አሳርፋዋለች!

ሆስፒታሉን አልጠራም። ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኳቸው ሦስት ሴቶች የታከሙት በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ነው፤ ሁሉም የሰሙት ያንኑ ቃል ነው፤ «አሳርፊ»። የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን በካርዳቸው ላይ በጥንቃቄ ተጽፏል። ስለ ክንዳቸው አንድ መስመር የለም።

ጉዳዩን ሰቆጣ ውስጥ ቡና እየጠጣን ለአንድ ወዳጄ አነሳሁለት። አዲስ አበባ ጡታቸው የተነሳ ሴቶች ፒላተስ የሚባል እንቅስቃሴ እየሠሩ ትከሻቸውን እንደሚያፍታቱ፣ እኛም ጋ የሚመስለው ነገር መኖር እንዳለበት ስነግረው ሳቀብኝ። «ዋግ ውስጥ እህል ሳይኖር ፒላተስ!» አለ። ሲኒውን አስቀምጦ ሳቀ። ይኸው ጽሑፍ ለእሱ መልስ ነው። ለእሱ ብቻም አይደለም፤ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሮዝ ሪባን ለጥፈው ጥቅምት ሲያልፍ ለሚያወልቁትም ነው።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህች አገር አዲስ ይያዛሉ። አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ ስድሳ ያለፋቸው አይደሉም፤ ብዙዎቹ በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቤት የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። በሽታው ስለገፋ፣ የጨረር ሕክምናም እንደልብ ስለማይገኝ፣ ጡትን ቆጥቦ እብጠቱን ብቻ ማውጣት እዚህ ብዙም አይቻልም። ጡቱ በሙሉ ይነሳል። ብብት ውስጥ ያሉት ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ንፍፊቶቹ ከክንድ የሚመለሰውን ፈሳሽ የሚቀበሉና የሚያጣሩ ናቸው። ሲወጡ ፈሳሹ መንገድ ያጣል፤ ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ አንዳንዴ በወር፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ። ጠባሳው ሲደርቅ ይሸበሸብና የደረትን ቆዳና ጡንቻ ይስባል። አንዳንዶች ላይ ከብብት እስከ ክርናቸው፣ አልፎም እስከ አንጓቸው፣ ከቆዳ ሥር እንደተወጠረ ክር የሚመስል ነገር ይወጣል፤ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ይቆነጥጣቸዋል። ሴቲቱ ሕመሙን ፈርታ ክንዷን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። የጎደለውን ለመሸፈንም ትጎብጣለች፤ ይሄኛው የሐፍረት ነው፣ በሐኪም ካርድ ላይ አይጻፍም። ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። አክስቴ ላይ የደረሰው ይኼ ነው። ካንሰሩ አይደለም ክንዷን የወሰደው። ማሳረፉ ነው።

አሁን ወደ ፒላተስ። ስሙ የሰው ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን የተወለደው ጆሴፍ ፒላተስ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች እንደ ጠላት አገር ሰው ይዘው በእስረኞች ካምፕ አቆዩት። እዚያ ሌሎቹን እስረኞች ስፖርት ያሠራ ነበር። ከአልጋ መነሳት ለማይችሉት የአልጋ ስፕሪንግ አያያዘላቸውና ተኝተው ክንድና እግራቸውን እንዲያሠሩ አደረገ ይባላል። በኋላ ኒውዮርክ ገብቶ በሙዚቃ ውዝዋዜ ሰዎች ዘንድ ታወቀ። እንግዲህ ዛሬ በውድ አዳራሽ በመስታወት ፊት የሚሠራው ነገር መነሻው እንደዚህ ያለ ቦታ ነው፤ የታሰረ፣ የታመመ፣ መሣሪያ የሌለው ሰው አልጋ ላይ። ወዳጄ የቅንጦት ነገር ነው ብሎ ሲስቅ ይህን አያውቅም ነበር። ዮጋ ነው፣ ሃይማኖት አለበት የምትሉም ካላችሁ፣ የለበትም። ትንፋሽ መሳብ፣ ሆድን ጠበቅ ማድረግ፣ ትከሻን ወደ ታች አውርዶ ክንድን በቀስታ ማንሳት ነው። ወለልና ምንጣፍ ይበቃዋል። ቁርበትም ይሆናል።

ፒላተስ ተአምር ነው አልልም። በጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ሕመም እንደሚቀንስና ትከሻ እንደሚፈታ ያሳያሉ፣ ከሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ በግልጽ ይበልጣል ግን አይሉም። ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመኝ ይኸው ነው። ስሙ ለውጥ ካላመጣ፣ ለውጡን የሚያመጣው ክንዱን በሥርዓት፣ በየቀኑ፣ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀሱ ነው ማለት ነው። ያ ደግሞ የአዲስ አበባ አዳራሽ አይፈልግም።

«አሳርፊ» የሚለው ምክር ከየት መጣ? ከድሮው ሕክምና ነው። ለረጅም ጊዜ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ንፍፊቷ የወጣ ሴት ከባድ ነገር ካነሳች ክንዷ ያብጣል ብለው ይፈሩ ነበር። ይህ ፍርሃት በአግባቡ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካኖች ክንዳቸው አስቀድሞ ያበጠ 141 ሴቶችን ወስደው ግማሾቹን ለአንድ ዓመት ክብደት አስነሷቸው፤ ልዩ ጠባብ እጅጌ አጥልቀው፣ ከትንሽ ጀምረው፣ በሠለጠነ ሰው እየታዩ። እብጠቱ አልባሰባቸውም። እንዲያውም የሚነሳ የሚወድቀው እብጠት ከማያነሱት ሴቶች ይልቅ በእነሱ ላይ ቀነሰ። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ፤ ለትከሻ ችግር የተጋለጡ 392 ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ በፊዚዮቴራፒስት እየተመሩ እንቅስቃሴ ጀመሩ ወይም የተለመደውን ወረቀት ብቻ ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ የተንቀሳቀሱት ክንድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ወጪውም አዋጪ ነበር። ልብ በሉ፣ እዚያ «ምንም አልተደረገላቸውም» የሚባሉት እንኳ ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። አክስቴ ያንን ብታገኝ ኖሮ!

ወዳጄ እህል ይቅደም ይላል። እሺ፣ ስለ እህል እናውራ። ዋግ ውስጥ እህል እንዴት ነው ወደ አፍ የሚደርሰው? ውኃው ተቀድቶ፣ እንጨቱ ተለቅሞ፣ እህሉ ተሰጥቶና በሰፌድ ተንገዋሎ፣ ሊጡ ተቦክቶ፣ ምጣዱ ተሰስቶ ነው። ይህ ሁሉ የማን ክንድ ነው? ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት «ዕቃ አታንሺ» ስትባል ሁለት ምርጫ አላት። አንደኛው ምክሩን ንቆ በደረቀ ትከሻና ባልተዘጋጀ ክንድ ወዲያው ሸክም መሸከም ነው፤ ትጎዳለች። ሁለተኛው እንደ አክስቴ መታዘዝ ነው፤ ቤቷ ይጎዳል፣ የአሥር ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ቀርታ ጀሪካኑን ትወርሳለች። ምክሩን የሰጣት ሰው ቧንቧ ካለው ቤት የሚኖር ሰው ነው።

የሰቆጣ ስም በአንድ ትልቅ የመንግሥት ቃል ላይ ታትሟል። በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የተገባ ነው። ጥሩ ቃል ነው፣ ስማችንን ስለወሰደ ቅር አይለኝም። ነገር ግን ሕፃኑን የሚያዝለውና የሚያጎርሰው ክንድ ደርቆ ሲቀር በቃል ኪዳኑ ቋንቋ ምን ይባላል? የእናት ክንድ የምግብ ዋስትና ጉዳይ ነው ስል ለማጋነን አይደለም፤ ማንም የዋግ ሴት የምታውቀው የሒሳብ ስሌት ነው።

ከእህሉም የባሰ አለ። የጨረር ሕክምና ስትወስድ ሴቲቱ በጀርባዋ ተኝታ ክንዷን ከራሷ በላይ አንስታ መቆየት አለባት፤ ካልሆነ ጨረሩ በትክክል አያርፍም። ጨረር በዚህ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። በቅርብ ዓመታት ጅማንና ሐረርን የመሳሰሉ ቦታዎች ማዕከል ተከፍቶላቸዋል፤ እሰየው፣ ግን ለሰቆጣ ሰው ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። አንዲት ሴት ከዋግ ተነስታ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ፣ ፍየሏን ሸጣ፣ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ ሲባል ከርማ፣ ወራት ወረፋ ጠብቃ ተራዋ ሲደርስ፣ ክንዷ አይነሳም። «ትከሻሽን አፍታተሽ ተመለሺ» ትባላለች። ወዴት ነው የምትመለሰው? አምስት ደቂቃ ወስዶ ቀድሞ የሚነግራት ሰው ስለጠፋ የሕክምናዋ አንዱ እግር ይሰበራል። ከክልል የሚመጡ ታካሚዎችን የሚያስጠልሉ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ባይኖሩ ደግሞ ወረፋውን እንኳ የት ሆና ትጠብቅ ነበር?

«ባለሙያ የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ማስመረቅ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ የተመረቁት ግን አብዛኞቹ ወደ ትልልቅ ከተማ ይሄዳሉ፤ በየወረዳው ይኑሩ ብሎ መጠየቅ ዛሬ ቀልድ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ሰቆጣ በጦርነት ውስጥ የነበረችባቸውን ወራት ያየ ሰው የጤና ተቋም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈርስና ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚነሳ ያውቃል። ይህን ለተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሠራተኞች አላስተምርም።

ሌላው ግማሽ ግን ሰበብ ነው። ይህች አገር የእግር እብጠትን፣ ዝሆኔ የምንለውን፣ እንዴት እንደያዘችው እዩ። ወላይታ ላይ የተጀመረው ሥራ ምን አሳየ? እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ማንቀሳቀስ፣ ጫማ ማድረግ። ያስተማሩት ፕሮፌሰሮች ብቻ አይደሉም፤ በሽታው የነበረባቸው ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ሌላውን አስተማሩ። በኋላ ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ዕቅዱ አስገባው። የክንድ እብጠትም የፈሳሽ መንገድ መዘጋት ነው፤ መንስኤው ይለያል እንጂ አያያዙ የአክስት ልጅ ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አስቀምጧል። በአንቀልባ አስተዛዘል፣ በመጸዳጃ ጉድጓድ ጥልቀት፣ በእንቁላል አመጋገብ ላይ ቤት ለቤት ያስተምራሉ። አንድ ክንድ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ማሳየት ከዚህ ይከብዳል?

ይክበድም አይክበድ፣ ምን ምን እንደሆነ እዚሁ ልንገራችሁ፣ ይህን ያነበበ ቢያንስ ለእናቱ ይንገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የፍሳሽ ቱቦው ሳይወጣ፣ ጣትን መጨበጥና መክፈት፣ ክርንን ማጠፍና መዘርጋት፣ ትከሻን ወደ ላይና ወደ ኋላ ማሽከርከር፤ ክንድ ግን ከትከሻ በላይ አይነሳም። ቸኩሎ ማንሳት ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ እንደሚያበዛ ይታወቃል፤ «አሳርፊ» የሚለው ምክር እውነት የሚሆነው ለእነዚህ ጥቂት ቀናት ነው። ስህተቱ የማብቂያ ቀን አለመስጠቱ ነው። ቱቦው ወጥቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣት እየዳኹ መውጣት ነው፤ እስኪወጥር እንጂ እስኪያሳምም አይደለም። ተኝቶ ዘንግ በሁለት እጅ ይዞ፣ ትንፋሽ እያስወጡ ከራስ በላይ ማሳለፍ ነው። መቋሚያ ልክ ነው ለዚህ። የእኛ ሴቶች ሲፈትሉ አይታችኋል? ቀኝ እጅ እንዝርቱን ታሽከረክራለች፣ ግራው ጥጡን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክሩ በረዘመ ቁጥር ክንዱ ይዘረጋል። በቀስታ፣ በልክ፣ በትንፋሽ። ጆሴፍ ፒላተስ ዋግ ቢወለድ ስፕሪንግ ባላስፈለገው ነበር። የቀዶ ሕክምናው በየትኛው ወገን እንደሆነ አይቶ እጅ መቀያየር ነው።

ጥንቃቄውም ይነገር። ስግደት፣ በእጅ ላይ መውደቅ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅር፤ አባቶችም ይህን አይከለክሉም። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ እንቅስቃሴው ቆሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ቁስለት ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በሽታው ወደ አጥንት የሄደባት ሴት ያለ ሐኪም ምክር ክብደት አታንሳ። ጀሪካኑ? ከአምስት ሊትር ይጀመራል፣ በሳምንታት ይጨመራል። ሙሉ ጀሪካን ወዲያው መሸከምም፣ ዕድሜ ልክ አለመሸከምም ሁለቱም ጉዳት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጡቷ የተነሳ ሴት ከአልጋዋ ወርዳ ካርዷን ይዛ ከመውጣቷ በፊት አንዲት ነርስ እነዚህን እንቅስቃሴዎች አብራት ትሥራ፤ በቃል ብቻ ሳይሆን አብራት። ማንበብ ለማትችለው በሥዕል ይሰጣት። አማርኛ ለሚከብዳትም በኽምጣና ይነገራት፤ የክልሉ ሬዲዮ በቋንቋው ያሰራጫል፣ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ ማንም አይከስርም። ወደ ጤና ኬላዋ የሚሄድ አንድ ወረቀት ይጻፍ፤ «ይህች ሴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ በወሩ ክንዷን እዩልኝ» የሚል። ይህ ሁሉ ከአንድ የጥቅምት ሮዝ ቲሸርት ትዕዛዝ አይበልጥም። «ተመርመሩ» ማለት ጥሩ ነው፣ እደግፋለሁ። ተመርምራ፣ ተቆርጣ፣ ታክማ የተመለሰችውን ሴት ግን በየትኛው ወር ነው የምናስታውሳት?

ወዳጄ አሁንም የሚስቅ ከሆነ በነሐሴ ሻደይ ሲደርስ ይምጣ። ወገባቸውን በቄጠማ አስረው እጃቸውን እያወዛወዙ የሚጨፍሩትን ልጆች ከዳር ቆመው የሚያዩ እናቶች አሉ። ከእነሱ መካከል ለማጨብጨብ እንኳ አንድ እጇን ብቻ የምታነሳውን ይፈልግ።

አክስቴን ሰቆጣ አውርጄ አንዲት ባለሙያ አይታታለች። ዘግይተሻል፣ ግን አልመሸም አለቻት። ጠዋትና ማታ ትሠራለች። ግድግዳው ላይ ጣቷ የደረሰበትን በከሰል ታሰምራለች። ባለፈው እሑድ ደውላልኝ ነበር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ናት፣ ቆጡ ጋ ለመድረስ ሁለት ስንዝር ይቀራታል። «ያን ጊዜ ማሰሮዬን ራሴ አወርዳለሁ» አለችኝ።